ዝውውር ቅጣት አይደለም፦ በማረፊያ ቤት ስለተደበደበው ወንድም ለቀረበው ጥያቄ

እህታችን፣ ወንድምዎ በወረዳችሁ ማረፊያ ቤት በመርማሪ ፖሊስ መደብደቡን፣ ይኸው መርማሪ ቀድሞ በነበረበት ወረዳም በተመሳሳይ ድርጊት ስሙ ተነሥቶ ወደ እናንተ መዛወሩን፣ የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «እርምጃ እንወስዳለን» ከማለት በቀር ያደረጉት ነገር አለመኖሩን፣ አሁን ደግሞ መርማሪው ሽማግሌ መላኩን ጽፈው ምን ማድረግ እንደሚሻል ጠይቀዋል። በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች መጀመሪያ በዐቃቤ ሕግነት፣ ኋላም በጥብቅና ስሠራ ይህን የመሰሉ መዝገቦች በእጄ ስላለፉ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

ደጋግሞ የሚያጠፋ ፖሊስ የሚያመልጠው ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ተገድዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት እንዳይቀርብበት ይደነግጋል። የሚያመልጠው እያንዳንዱ አቤቱታ ለብቻው ስለሚቆም ነው። የተደበደበው ሰው ያመለከተው ወረቀት ቢበዛ በዚያው ወረዳ ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ ፖሊሱ ሲዛወር ከእርሱ ጋር አይሄድም። አዲሱ ወረዳ የሚቀበለው ንጹሕ የግል ማኅደር ያለው ባለሙያ ነው። አቤቱታው በቃል ብቻ ከቀረበ ደግሞ የሚቀር ወረቀት እንኳ የለም።

ካየኋቸው ጉዳዮች አንዱን ልጥቀስ፤ የወረዳዎቹንም የሰዎቹንም ስም ሆን ብዬ እተዋለሁ። አንድ መርማሪ በአንድ ቆላማ ወረዳ አንድ ወጣት ደብድቦ ጉዳዩ በሽምግልና አለቀ። ወደ ደጋ ተዛወረና በዚያም ሌላ ሰው ሲደበድብ፣ በግምገማ መድረክ ላይ ጉድለቱን «ከተቀበለ» በኋላ እንደገና ተዛወረ። በሦስተኛው ወረዳ የተደበደበው ልጅ አባት እኔ ዘንድ መጡ። የሰውየውን የኋላ ታሪክ የነገረኝ የትኛውም መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ በፍርድ ቤት ግቢ ለመሬት ክርክር የመጡ አንድ ሽማግሌ ስሙን ሲሰሙ ደንግጠው «ይህ ሰው አሁንም ይመረምራል?» ስላሉ ነው። ከዚያ በኋላ የሦስቱን ወረዳዎች ነገር በአንድ ማመልከቻ ላይ አሰፈርን። ቀድሞ «ተራ ግጭት ነው» ይባል የነበረው ጉዳይ ያን ጊዜ መልኩ ተለወጠ፤ መርማሪው ከምርመራ ሥራ ተነሥቶ ክስ ተመሠረተበት። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ወጣት በሽምግልናው ጊዜ «ዳግም ላላነሣው» ብሎ ስለማለ ሊመሰክር ፈቃደኛ አልሆነም፤ በዚህም ክሱ ሳስቶ ቀረበ። የተረኛውን የዕለት ሁኔታ መዝገብ የጠቆመን የሰውየው የራሱ ባልደረባ እንደነበር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ጭብጥ ደመወዝ እየበላ በንጹሕ እጁ የሚሠራው ፖሊስ በእንዲህ ያለው ሰው የሚያፍረው ከእኛ በላይ ነው።

ስለ ሽምግልናው በጠየቁት ላይ ጠንከር ብዬ መጻፍ ይኖርብኛል። በእኛ አገር ሽማግሌን በር ላይ መመለስ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹን በክብር ይቀበሉ፣ ቂም እንደማይዙም ይንገሯቸው። ነገር ግን ክስ ላለማቅረብም ሆነ ላለመመስከር አይማሉ፣ አይፈርሙ። ምክንያቱም ጉዳዩ የሚያልቀው ወይም የሚቀጥለው በየትኛው አንቀጽ እንደተያዘ በመታየት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት እንደ ተራ የአካል ጉዳት ከተመዘገበ፣ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሚሆን አቤቱታው ሲነሣ መዝገቡም ይዘጋል፤ ለማመልከት ያለውም ጊዜ ድርጊቱና ፈጻሚው ከታወቁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው። አንቀጽ 424 ግን የተያዘን ወይም የሚመረመርን ሰው በማስፈራራት፣ በመደብደብ ወይም በጭካኔ የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛን ለይቶ የሚመለከት ሲሆን፣ ከባድ በሆነ ጊዜ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ ድርጊቱን ያዘዘ ኃላፊ ካለም የእርሱ ቅጣት ከዚህ ይከብዳል። ይህ ክስ በተበዳዩ ይቅርታ የሚቀር አይደለም። እኔ ብዙ መዝገቦች ሲሞቱ ያየሁት በፍርድ ቤት ሳይሆን፣ አቤቱታው ሲጻፍ «ደበደበኝ» ብቻ ተብሎ «በምርመራ ላይ ሳለሁ፣ እንዳምን ለማስገደድ» የሚለው ሳይጨመር በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ የት እንደነበረ፣ ምን እየተጠየቀ እንደተመታና ምን እንዲያምን እንደተፈለገ በግልጽ ይጻፍ።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ ጤና ተቋም ለፍርድ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በፖሊስ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ደግሞ የተከሰሰው ሰው መሥሪያ ቤት ነው። ደብዳቤው እስኪጻፍ ቁስሉ ይደርቃል። ደብዳቤ ሳይጠብቁ እንደማንኛውም ታካሚ ካርድ አውጥቶ መታከም፣ ጉዳቱም እንዴት እንደደረሰ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ለሐኪሙ መናገር ይገባል፤ ውጤቱን ዐቃቤ ሕግ በኋላ በደብዳቤ ሊያስመጣው ይችላል። ወንድምዎ አሁንም በእስር ላይ ከሆነና ለጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ለሚጠይቅበት ችሎት፣ ከቀረበ፣ መደብደቡን ለዳኛው ራሱ ይናገር፣ ቃሉም በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ። የፖሊስ እጅ ሳይገባበት የተጻፈ የዳኛ መዝገብ ያህል የሚጠቅም ወረቀት በእነዚህ ጉዳዮች አላየሁም። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ 48 ሰዓት ካለፈው ደግሞ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አንዳንድ ቦታ እስከ ዛሬ «አዋጁ» እየተባለ ሲመለስ እሰማለሁ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ተራዝሞ በ2016 ዓ.ም. አብቅቷል።

ወዴት ላመልክት ለሚለው፣ ወረዳው ላይ ብቻ አይቁሙ። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ቅን ቢሆን እንኳ ምርመራውን የሚያሠራው በዚያው ሰው ባልደረቦች ነው፤ ከፖሊስ ውጭ ሆኖ የፖሊስን ጥፋት ብቻ የሚመረምር ተቋምም የለንም። ስለዚህ ማመልከቻው ደብረ ብርሃን ለሚገኙት ለዞኑ ፖሊስ መምሪያና ለዞኑ ፍትሕ መምሪያ ይግባ፣ መርማሪውም ከሌላ ወረዳ ወይም ከዞን እንዲመደብ በግልጽ ይጠየቅ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ግልባጭ ማድረስም ይጠቅማል፤ ኮሚሽኑ ክስ አይመሠርትም፣ ነገር ግን ማረፊያ ቤቶችን ሳያስታውቅ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ለእኛ ከባሕር ዳር ይልቅ አዲስ አበባ ስለሚቀርብ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መሄድ ይቀላል። የካሣ ጥያቄም ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ወንጀሉ እስኪያልቅ ብሎ መተው ብዙዎችን ጎድቷል።

ማመልከቻው ላይ የመርማሪው ሙሉ ስምና ማዕረግ፣ ቀድሞ የሠራባቸው ወረዳዎች፣ በየወረዳው የሰሟቸው አቤቱታዎች ይጻፉ፤ የሰሙትን «ሰማሁ»፣ ያዩትን «አየሁ» ብለው ይለዩት። የዲሲፕሊን ማኅደሩ ከነበረባቸው ወረዳዎች እንዲቀርብ፣ ጉዳዩ ሳይጣራም ወደ ሌላ ወረዳ እንዳይዛወር ይጠይቁ። ሲያስገቡም መዝገብ ቤት በእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር እንዲያሰፍር ሳያደርጉ ከቢሮው አይውጡ። ረቂቁን ከጻፉ በኋላ የሰዎቹን ስም አጥፍተው እዚሁ ቢለጥፉት፣ ከመግባቱ በፊት አይቼ የምጨምረው ካለ እጽፍልዎታለሁ።