ባቱ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ለሚወርድ ቤተሰብ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከ5 እና ከ9 ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም ከእናቴ ጋር በመኪና ወደ ሐዋሳ ልንሄድ ነው። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ጉልበቷንም ያማታል። መንገድ ላይ ባቱ (ዝዋይ) ወርደን ለልጆቹ ሐይቁን አሳይተን፣ ዓሣ በልተን መቀጠል እንፈልጋለን። ያለን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ይበቃናል? ጀልባስ ብንሳፈር?
አንባቢ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ካላዛባችሁ ይበቃችኋል። ብዙ ሰው ከመኪና እንደወረደ ወደ ውሃው ይሮጣል። ከዚያ ምግብ ቤት ገብቶ ሲያዝ ዓሣው ገና ሊጸዳ ነው፤ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ጊዜው በመጠበቅ ያልቃል። መጀመሪያ እዘዙ፣ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ጠይቁ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ሂዱ።

ከካዛንቺስ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቱሉ ዲምቱ ገብታችሁ ሞጆ ላይ ወደ ባቱ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከቀጠላችሁ ረፋዱ ላይ ትደርሳላችሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ማታ ጥለው ጠዋት ስለሚያነሱ የረፋዱ ዓሣ ትኩስ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ እየበረታ ሐይቁ ይናወጣል።

የጎማ ነፋስ የሚለካው ቤት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ባቱ ስትደርሱ ልኬቱ ጨምሮ ብታዩ አታስተንፍሱ፤ ጎማው ስለሞቀ ነው እንጂ ነፋስ ስለበዛበት አይደለም። አስተንፍሳችሁት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ እየታጠፈ ይበልጥ ይግላል፣ ይፈነዳል።

እናትዎን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ ዓሣው እስኪመጣ ድረስ ብለው መርፌውን አስቀድመው አይወጉ። ሬጉላር ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል፤ ወጥ ቤቱ «10 ደቂቃ» ብሎ 50 ደቂቃ ቢያቆያቸው ግን ስኳራቸው ይወርዳል። ከመወጋታቸው በፊት ዳቦ ወይም እንጀራ እጃቸው ላይ ይኑር። ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው። ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳም ይሆናል፤ ስኳር አልባው ግን አይጠቅምም። ባቱ ከአዲስ አበባ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ ስለዚህ ኢንሱሊኑ በቆመ መኪና ውስጥ አይቅር። በረዶም አይንካው፣ አንዴ በረዶ ከሠራ በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም። ለጉልበታቸው መቀመጫ ከመፈለግ በፊት ለ10 ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ።

ሐይቁ ዳር ልጆቹ አባ ኮዳና ፔሊካን በቅርብ ያያሉ፤ ለዚህ ብቻ እንኳ መውረዱ ይገባል። የዓሣ ቁራጭ ግን በእጃቸው አይያዙ፣ አባ ኮዳ ይነጥቃል። እግራቸውንም ውሃው ውስጥ አያስገቡ። ዳሩ ላይ ባለው ሣር ውስጥ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ ትሏ በደቂቃዎች ቆዳን ሰርስራ ትገባለች። ድንገት ከገቡ ቶሎ አድርቋቸው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ሰገራቸውን አስመርምሩ። ሐይቁ ጉማሬም አለው።

ጀልባውን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ቱሉ ጉዶ ደሴትን አይቶ መመለስ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትም መውጣትና መውረዱ ይከብዳል።

ለልጆቹ አጥንቱ የወጣለት ፊሌቶ ወይም ጉላሽ እዘዙ። በቢላ እየተተለተለ ሙሉውን የሚጠበሰው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለአዋቂ ይጥማል፤ ስስ አጥንቱ ግን ለ5 ዓመት ልጅ አይሆንም። ለብለቡንም ለልጆችና ለእናትዎ አታዙ፣ በደንብ ይብሰል። ማየት ከተፈቀደላችሁ ጥሬውን እዩት፦ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው የሚመለስ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዓሣ ገዝተን ቤት ብናስገባስ?

መልስ፦ ስትሄዱ ሳይሆን ስትመለሱ ግዙ፤ ሐዋሳም ዓሣ አታጣም። 1 ኪሎ ፊሌቶ ለማግኘት 3 ኪሎ ያህል ሙሉ ቆሮሶ ያስፈልጋል፤ ዋጋ ስትነጋገሩ የቱን እንደሚመዝኑላችሁ ለዩ። ሆድ ዕቃው ይውጣ፣ በሐይቁ ውሃ ግን አይታጠብ። ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ የተሰባበረ በረዶ ያዙ፤ ከሥርም ከላይም አልብሱት። ሳጥኑ ከሥሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ብዙ ሰው ዓሣው የሚበላሽበት በረዶ ስላነሰው ሳይሆን በቀለጠው ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ስለሚመጣ ነው። ቤት ሲደርስ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የማይሠራ ከሆነ ወደ ፍሪዘር ይግባ።