ሴልታ ልማር ወይስ የ120 ሰዓቱ ኮርስ ይበቃኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመርቄ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ውጭ ሄጄ ሴልታ (CELTA፣ የብሪታንያው ካምብሪጅ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬት) ለመማር ሳስብ ጓደኛዬ በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር «120 ሰዓት» የሚል ሰርተፍኬት አወጣ። «ያው ነው፣ ምን አደከመህ» ይለኛል። እውነት ያው ነው? (ከከዚራ)

መልስ፦ ያው አይደለም። 120 የሚለው ቁጥር ሁለቱም ላይ አለ፤ የሚለያያቸው 6 ሰዓት ነው። ሴልታ የሚማር ሰው በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ፣ አሠልጣኙ ከኋላ ተቀምጦ እየመዘነው፣ በድምሩ 6 ሰዓት ያስተምራል። ያውም ቢያንስ በሁለት የቋንቋ ደረጃ ያሉ ተማሪዎችን። ሌላ 6 ሰዓት ልምድ ያላቸውን መምህራን ይመለከታል። ከዚያ ላይ እያንዳንዳቸው ከ750 እስከ 1,000 ቃል የሆኑ 4 የጽሑፍ ሥራዎች አሉበት። በሙሉ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይወስዳል። ከለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ሰርት ቴሶል እኩያው ነው፤ እሱም ዘንድ 6 ሰዓት የማስተማር ልምምድ ግዴታ ነው።

ስለዚህ አንድ ርካሽ ኮርስ ስታይ ማኅተሙን ትተህ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ስንት ሰዓት በእውነተኛ ተማሪ ፊት አስተምራለሁ? ማንስ ይመዝነኛል? መልሱ «ቪዲዮ ታያለህ» ከሆነ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ተወው። የሴልታን ሰርተፍኬት የሚሰጠው ካምብሪጅ ነው፤ የሚያሠለጥኑት ግን በየአገሩ ያሉ ፈቃድ ያላቸው ማዕከላት ናቸው፣ ዋጋውንም የሚተምኑት እነሱ ናቸው። የማዕከሉን ስም በካምብሪጅ ድረ ገጽ ላይ ካለው ዝርዝር ፈልገህ ካጣኸው አትክፈል። «ሴልታ ከነሥራው» እያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚቀበል ደላላ ካጋጠመህ ደግሞ እወቀው፦ ካምብሪጅ ማንንም ሥራ አያስቀጥርም።

ደስ የማይል ነገርም እንንገርህ። አንዳንድ አገር ከሰርተፍኬቱ በፊት ፓስፖርት ያያል። የደቡብ ኮሪያ የቋንቋ መምህራን ቪዛ፣ ኢ-2 የሚባለው፣ በመደበኛነት የሚሰጠው ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነው። ሴልታህ በኤ ቢሆንም ይህን አይለውጥም። የምታስበውን አገር የቪዛ ሕግ ሳታነብ የኮርስ ክፍያ አትክፈል። ያንን ሦስት ዓመትህንም በደብዳቤ አስጽፈው፦ የትኛውን ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ከመቼ እስከ መቼ። «መልካም ሠራተኛ ነበር» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም።

ጥያቄ፦ ለሴልታ አመልክቼ ከቃለ መጠይቁ በፊት የሚሠራ የቋንቋ ፈተና ላኩልኝ። ሰዋስው ጎበዝ ነኝ፣ ጥያቄዎቹ ግን ግራ አጋቡኝ። ኮርሱ ላይስ ሰው የሚወድቀው በምንድን ነው? (ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ፦ ግራ የገባሽ የሕግ ስም የሚጠይቁሽ ስለመሰለሽ ይሆናል። የሚፈልጉት ነገሩን ለተማሪ ማስረዳት መቻልሽን ነው። «ሂ ዩዝድ ቱ ቹ ጫት» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢሰጥሽ «ያለፈ ልማድን ያሳያል» ብለሽ አትለፊ፤ ይህን የሚረዳ ተማሪ ቀድሞውንም አንቺን አይፈልግም። ሦስት አጫጭር ጥያቄ አዘጋጂ፦ አሁን ይቅማል? አይቅምም። ድሮስ? ይቅም ነበር። አንድ ቀን ነው ወይስ ብዙ ጊዜ? ብዙ ጊዜ። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይጠየቃሉ፤ መልሳቸው አንድ ሁለት ቃል መሆን አለበት። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ያልገባውም «የስ ቲቸር» ይልሻል።

ቀጥሎ ቅርጹን፦ በአሉታና በጥያቄ «ዲድ» ሲመጣ የመጨረሻዋ «ድ» ትወድቃለች። ቀጥሎ ድምፁን፦ አፍ ላይ «ዩስቱ» ነው የሚባለው፣ «ድ» አትሰማም። በመጨረሻ የሚያምታታውን፦ «ሂ ኢዝ ዩዝድ ቱ ቹዊንግ ጫት» ካልሽ ሰውየው ለምዶታል፣ መቃሙንም አልተወም። አንዲት «ኢዝ» ስንት ነገር እንደምትገለብጥ አየሽ? ትርጉም፣ ቅርጽ፣ ድምፅ። ፈተናውም ኮርሱም የሚዞረው በእነዚህ ሦስቱ ላይ ነው።

የተማሪ ስህተት አርሚ ከተባልሽ የስህተቱን ምክንያትም ጻፊ፤ እዚህ ላይ የሐረር ልጅ ከለንደን ልጅ ትበልጣለች። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» የሚለው ተማሪ «ትናንት አይቼዋለሁ» የሚለውን ቃል በቃል መተርጎሙ ነው፤ አማርኛው ምንም አይጎረብጥም፣ እንግሊዝኛው ግን ያለቀ ጊዜ ከጠራ በኋላ «ሃቭ»ን አይቀበልም። ሶማሊኛ «ፕ» የለውም፤ ስለዚህ «ፓርክ» «ባርክ» ይሆናል። የኦሮምኛ ተናጋሪ በአጭርና በረጅም አናባቢ ትርጉም መለየት ያውቃል፦ ላፋ ሲያጥር መሬት ነው፣ ሲረዝም ለስላሳ። (ፊደላችን ርዝመቱን ስለማያሳይ እዚህ ሁለቱም አንድ መሰሉ።) መርከብንና በግን በእንግሊዝኛ ሲጠራ «ሺፕ» እና «ሺፕ» ብሎ የሚደባልቃቸው ይልቁን አማርኛ ብቻ የሚናገረው ነው።

አሁን ወደ መውደቁ። ልምድ ያለው መምህር ከጀማሪው ይልቅ ይቸገራል ብንልሽ አትገረሚ። 60 ተማሪ ፊት ጠመኔ ይዞ ማውራት ለምዷል፤ ሴልታ ላይ 45 ደቂቃ ተሰጥቶት 30ውን ራሱ ካወራ አሠልጣኙ ዝም አይልም። ሁለተኛው የመመሪያ አሰጣጥ ነው። ወረቀቱን አድለሽ ከዚያ ማስረዳት ከጀመርሽ የሚሰማሽ የለም፤ ሁሉም ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ንገሪ፣ አንዱን ምሳሌ አብረሻቸው ሥሪ፣ ምን እንደሚሠሩ መልሰሽ ጠይቂ፣ ወረቀቱ በመጨረሻ ይታደል። ሦስተኛው፣ በ3ኛው ትምህርት ላይ የተሰጠ አስተያየት በ5ኛው ላይ እንደገና ሲጻፍ ነው፤ የሚመዘነው መሻሻልሽ ነውና። የጽሑፍ ሥራ ቢወድቅ አንድ ጊዜ አርሞ መመለስ ይፈቀዳል፣ ሁለተኛ ዕድል ግን የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ለሥልጠና ልትሄድ ነው። ዲግሪዋ ላይ ያለው የስሟ አጻጻፍ ከፓስፖርቷ በአንድ ፊደል ይለያል፤ የልደት ቀኗም ላይ ተምታቶብናል። ምን እናድርግ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አባቴ፣ ሁሉም ነገር ፓስፖርቱን ይከተል። ማመልከቻው፣ የአይልትስ (IELTS፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ምዝገባው፣ የክፍያ ደረሰኙ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ። ዲግሪው ላይ ያለውን በራሳችሁ እጅ አትነካኩት፤ ዩኒቨርሲቲው በማኅተም የተደገፈ ማስተካከያ ይስጣት። ቀኑን በተመለከተ ብዙ ሰው 8 ዓመት ደምሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ይተወዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ከሆነ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ 8፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን ድንበሩ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 1990 በእነሱ ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነው። አይልትስ ከተፈተነች 2 ዓመት ካለፋት ውጤቱ አይሠራም፣ እሱንም ይዩት።

ጥያቄ፦ ከመሄድ ኦንላይን ብማርስ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሰርተፍኬቱ አንድ ነው፣ ልምምዱም ከእውነተኛ ተማሪዎች ጋር ነው። በብሪታንያ ኮርሱ ብቻ በአብዛኛው ከ1,000 ፓውንድ በላይ ስለሆነ፣ የአውሮፕላኑና የአልጋው ወጪ መቅረቱ ቀላል አይደለም። (መሄድ ካለብህ፣ እውቅና ባለው ተቋም እስከ 6 ወር ለመማር የጎብኚ ቪዛው ይበቃል፤ ሥራ ግን አያሠራም።) የሚያመልጥህ ሰሌዳ ነው፦ የሰሌዳ አጠቃቀምንና ወንበር ለቡድን ማስተካከልን ስክሪን ላይ አትማርም፣ ድሬ ውስጥ ደግሞ የምታስተምረው በሰሌዳ ነው።

ሰዓቱን ተጠንቀቅ። የለንደን ጠዋት 3 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት) በክረምታቸው እኛ ጋ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ ከማርች መጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ድረስ ግን ረፋድ 5 ሰዓት። ሰዓታቸው በኮርሱ መሐል ከተቀየረ አንተም ትቀየራለህ። ከመመዝገብህ በፊት በዚያው ሰዓት፣ ልትማር ካሰብክበት ክፍል፣ ለ2 ሰዓት ያህል በቪዲዮ ከአንድ ሰው ጋር አውራ። ዋይፋዩን አጥፍተህ በስልክ ዳታም ሞክረው፤ መብራት ሲሄድ የምትቀጥለው በእሱ ነው።