የባንጉስ ጫጩት በጨው ቀመስ ኩሬ፦ ጥያቄና መልስ

በፊሊፒንስ ፓናይ ደሴት ስለሚረባው ባንጉስ (ሚልክፊሽ) የተባለ ዓሣ ከነገርኳችሁ ወዲህ የመጣው ጥያቄ አብዛኛው በጫጩቶቹ ላይ ነው። እኔም እዚያው ላይ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ጨው ቀመስ ሲሉ ምን ያህል ጨው ማለትዎ ነው?

መልስ፦ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። ወንዝ የሚቀላቀልበት ኩሬ ከዚያ ያነሰ ነው፤ በክረምትና በበጋም ይለዋወጣል። ባንጉስ ይህን በደንብ ይችላል። የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጫጩት ገዝቼ ኩሬ ውስጥ ጨመርኩ፤ በሳምንት ውስጥ አብዛኛው አለቀ። ምን ማብላት ነበረብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምግቡ ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ኩሬው ወለል ላይ መብቀል ነበረበት። ፊሊፒናውያን ላብላብ ይሉታል፤ አልጌና ጥቃቅን ነፍሳት ተጋግረው መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑት ነገር ነው። ኩሬው ተሟጥጦ አፈሩ እስኪሰነጠቅ ይደርቃል። ከዚያ በሄክታር 2 ቶን ያህል የዶሮ ኩስ ይበተናል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ይገባል። ውሃው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ፀሐይ ወለሉን ማግኘት ስላለባት ጥልቅ ውሃ ላብላብን ይከለክላል። ይህ ሥራ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ጠላት በኩሬው የቀረ አዳኝ ዓሣ ነው። አንድ ትልቅ ዓሣ ብዙ ጫጩት ይውጣል። ውሃው ስስ ሳለ የሻይ ፍሬ ፋጉሎ ይጨመራል፤ በውስጡ ያለው ሳፖኒን ዓሣን ይገድላል፣ በልኩ ከሆነ ሽሪምፕን አይነካም። ጨዋማ ውሃና ፀሐይ ኃይሉን ይጨምሩለታል። ጫጩት ከመግባቱ በፊት ግን ውሃው መለወጥ አለበት። የውሃው በር ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ካልተደረገ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጫጩቱን እንዴት ልጨምር?

መልስ፦ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ። ጫጩቱ የመጣበትን ከረጢት ኩሬው ላይ አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ሲስተካከል የኩሬውን ውሃ ቀስ በቀስ ጨምሩበት። በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 50 ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከከባድ ዝናብ በኋላ ዓሦቹ ሞቱ፤ ውሃውም ቀላ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ኩሬው የተቆፈረው ማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ተመንጥሮ ከሆነ አፈሩን እጠረጥራለሁ። እንዲህ ያለው ጭቃ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ውሁድ ይይዛል፤ አየር ሲያገኝ የሰልፈር አሲድ ይፈጥራል። ዝናብ ደግሞ ከግድቡ ላይ አሲዱን አጥቦ ወደ ኩሬው ያወርደዋል። መድኃኒቱ ኩሬውን ደጋግሞ ማድረቅ፣ በባሕር ውሃ ሞልቶ ማፍሰስ፣ የግድቡን ተዳፋት ኖራ ማልበስ ነው። ለአዲስ ኩሬ ብለው ማንግሮቭ የሚመነጥሩትን ግን በምንም አልደግፍም። ፊሊፒንስም እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የዓሣ ሀብት ሕግ ማንግሮቭን ወደ ዓሣ ኩሬ መቀየር ከልክላለች።

ውሃው ሳይቀላ ዝናቡ ብቻ ቢያስጨንቃችሁ፣ የዝናብ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀመጣል። የበሩን የላይኛውን ሳንቃ አንሥታችሁ ያንን ብቻ አፍስሱት።

ጥያቄ፦ አቢያታ ወይም ሻላ ዳር ይህን መሞከር ይቻላል?

መልስ፦ አይመከርም። የእነዚህ ሐይቆች ጨው በብዛት ሶዳ ነው፤ ፒኤቹም (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 10 አካባቢ ነው። አቢያታ ራሱ ውሃው ሲሸሽ ቆሮሶውን አጥቷል፤ ዓሣ ፍለጋ ይመጡ የነበሩት ይብራዎችም ተቸግረዋል። አገር ቤት ላላችሁ ቆሮሶን በጣፋጭ ውሃ ኩሬ ማርባት ይሻላችኋል፤ ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጫጩቶቹ ከዚህ ማሳደጊያ ኩሬ ወደ ትልቁ ኩሬ የሚዛወሩት መቼ ነው?

መልስ፦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ሲደርሱ። ላብላቡ ቀድሞ ካለቀ የሩዝ ብራን (ፍሩሽካ) እየበተናችሁ አቆዩአቸው። ንጋት ላይ ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ ግን ኦክስጅን አንሷል፤ ምግቡን አቁማችሁ አዲስ ውሃ አስገቡ።