የጾም ፊልም፣ የፍስክ ፊልም የሚባል የለም

ጥያቄ፦ መምህር ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። እኔ ፊልም በጣም ነው የምወደው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። በጾም ግን አላይም፣ ለዐቢይ ጾም ቅበላ ሰሞን የጀመርኩትን ተከታታይ ሁሉ ጨርሼ ነው ጾሙን የምይዘው፣ ከፋሲካ በኋላ እመለስበታለሁ። የማይሆን ቦታ ሲመጣ ደሞ አሳልፈዋለሁ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ግን ፊልም በሙሉ የሰይጣን ነው፣ ካየሽም መንፈሳዊ ፊልም ብቻ እይ ትለኛለች። እስቲ የቱን ልይ የቱን ልተው? ዝርዝር ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል። ወለተ ማርያም ነኝ።

መልስ፦ እህቴ ወለተ ማርያም፣ ጥያቄሽን ሳነበው መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው "ቅበላ" ያልሽው ላይ ነው። ይሄን ነገር ስንት ልጆች ላይ አይቼዋለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ፊልም ጥያቄ ሲመጣ አብዛኛው "በጾም ማየት ይቻላል ወይ" የሚል ነው፣ "ይሄን ፊልም ማየት ይጠቅመኛል ወይ" ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ፊልምን ከሥጋና ከወተት ጋር አንድ ላይ አስቀምጠነዋል፣ ጾም ሲገባ ይከደናል፣ ሲፈታ ይከፈታል፣ በቃ።

ግን እስቲ አስቢው፣ ወተትን በጾም የምንተወው ርኩስ ስለሆነ ነው እንዴ? አይደለም። እግዚአብሔር የሰጠን መልካም ምግብ ነው፣ ለጊዜው እንተወዋለን፣ ሲፈታ አመስግነን እንመለስበታለን። ዝሙትን የሚያጣፍጥ ፊልም ግን በሁዳዴም ያው ነው በበዓለ ሃምሳም ያው ነው፣ ትንሣኤው አይቀድሰውም። ፊልሙ ጥሩ ሆኖ ለጸሎት ጊዜ ላግኝ ብለሽ ከተውሽው ደሞ እሰየው፣ እሱ መሥዋዕት ነው፣ ቀጥዪበት። ቅዱስ ያሬድ "ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን" ሲል ዓይናችን 55 ቀን ታስሮ በ56ኛው ቀን እንዲፈታ አይደለም፣ ዓይን ራሱን መግዛት እንዲለምድ ነው። የለመደ ዓይን ከፋሲካ በኋላም የለመደውን ይዞ ይቀጥላል።

ሁለተኛው፣ "የማይሆን ቦታ ሲመጣ አሳልፈዋለሁ" ያልሽው። ማሳለፍሽ ጥሩ ነው፣ አልነቅፍሽም። ግን እሱን ስላሳለፍሽ ፊልሙ የጸዳ እንዳይመስልሽ። እናቶቻችን እንክርዳዱን ከስንዴው የሚለቅሙት ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ነው፣ አንዴ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለቅመዋል? እንጀራ ሆኖ ይቀርባል፣ የበላው ሰው ራሱ ይዞራል፣ ምን እንዳዞረው ግን አያውቅም። ፊልም ላይም የሚታየው ክፉ ትዕይንት ገና ያልተፈጨው ነው፣ ዓይን ያየዋል ጣት ያሳልፈዋል። የተፈጨው የቱ መሰለሽ? አንድ ሰው ሀብታም ነኝ ብሎ ልጅቷን ሲዋሻት፣ ከውሸቱ ሌላ ውሸት ሲወለድ፣ እኛ ከቤተሰብ ጋር ሆነን እየሳቅን "እንዳይነቃበት!" ብለን ለዋሾው ስንጨነቅ፣ መጨረሻ ላይ አግብቷት ሲያበቃ ደስ ብሎን ስንነሳ። አንድም የሚያሳፍር ነገር አልታየም እኮ! ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሸትን ስንደግፍ ቆይተናል። ወይ ደሞ ከገጠር የመጣው ዘበኛ በአነጋገሩ ብቻ ሲሳቅበት፣ የቤት ሠራተኛዋ ምንም የማይገባት ተደርጋ ስትቀርብ። ምሳሌ 17፥5 ላይ በድሀ የሚያላግጥ ፈጣሪውን እንደሚሰድብ ተጽፏል፣ እኛ ግን "ንጹህ ኮሜዲ ነው፣ ከልጆች ጋር ይታያል" እንላለን። እውነቴን ነው የምልሽ ይሄ እኔን ከምታሳልፊው ትዕይንት በላይ ያስፈራኛል፣ ማንም ንስሐ ሲገባበት ሰምቼ አላውቅምና።

ታዲያ በምን እንለየው ካልሽኝ አንድ ሰው ላሳይሽ፣ ንጉሥ ዳዊትን። ዳዊት በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልካች ሆኗል። መጀመሪያ 2ኛ ሳሙኤል 11 ላይ ነው፣ ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ወራት እሱ ኢየሩሳሌም ቀረ፣ ወደ ማታ ከምንጣፉ ተነስቶ ሰገነት ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ገላዋን የምትታጠበውን ቤርሳቤህን አየ። ልብ በዪ፣ ልይ ብሎ አልወጣም። ሥራ ፈቶ ነበር፣ የመጣለትን አየ። ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብለን ስልካችንን በአውራ ጣት ስንገፋ የምንሆነውን ነው የሆነው። ያየውን ፈለገ፣ የፈለገውን ወሰደ፣ ከዛ ባሏን ኦርዮን አስገደለ። ሁለተኛው ምዕራፍ 12 ላይ ነው። እግዚአብሔር ነቢዩ ናታንን ላከ፣ ናታን ሲመጣ ግን በቀጥታ "ኃጢአት ሠርተሃል" ብሎ አልጀመረም፣ ታሪክ ነው የነገረው። ብዙ በጎች ያሉት ሀብታም፣ አንዲት ጠቦት ብቻ ያለችው ድሀ፣ ጠቦቷ ከጉርሻው የምትበላ ከዋንጫው የምትጠጣ በብብቱ የምትተኛ፣ ሀብታሙ ለእንግዳው የራሱን ሳስቶ የድሀውን ጠቦት አረደ። ዳዊት ታሪኩን ሲሰማ ነደደ፣ ይሄን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል አለ። ያኔ ናታን "ያ ሰው አንተ ነህ" አለው።

አየሽ፣ እረኛ ሆኖ ያደገን ሰው በበግ ታሪክ ነው የያዘው! የሚወደውን ያውቃል፣ በሚወደው በኩል ገባ። ስለዚህ የታሪክ ፍቅርሽ ራሱ ጠላትሽ አይደለም፣ አንቺ የቤተሰብ ታሪክ ይማርክሽ ይሆናል፣ ሌላው የጦርነት ሌላው የፍርድ ቤት፣ ጣዕማችን ይለያያል፣ እግዚአብሔርም በየጣዕማችን ሊያናግረን ይችላል። ልዩነቱ ፊልሙ የት ቦታ ያስቀምጥሻል የሚለው ላይ ነው። ሰገነቱ ላይ አውጥቶ የሰው ገላ፣ የሰው ቤት፣ የሰው ኑሮ ያስመኝሻል ወይስ ናታን ፊት አስቀምጦ የራስሽን ልብ ያሳይሻል? ፊልሙ ሲያልቅ ራስሽን ጠይቂ፣ ማን እንዲያሸንፍ ፈለግሁ? ለማን አዘንኩ? ምን ቀላል መሰለኝ? ከዚህ ተነስቼ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ይከብደኛል ወይ? ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ እንዲህ ብትጠይቂ አንዳንዱን ፊልም ማንም ሳይከለክልሽ ራስሽ ትተዪዋለሽ።

ስለ ጓደኛሽ። እባክሽ አትናቂያት። አዲስ አበባ መጀመሪያ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት ሰዉ "ሰይጣን ቤት" ይለው ነበር፣ አባቶቻችን ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ አይተው ፈሩ። ፍርሃታቸው ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል፣ የሚያዩት ነገር ነፍሳቸውን እንደሚነካ ማወቃቸው ግን ትክክል ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በአንጾኪያና በቁስጥንጥንያ ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያን ትተው ወደ ቲያትርና ወደ ሠረገላ እሽቅድምድም ሲሮጡ ክፉኛ ገሥጿቸዋል፣ ቲያትሩ ቢዘጋም ያያችሁት ምስል ከእናንተ ጋር ቤት ይገባል ነው የሚላቸው። በሌላ በኩል ታላቁ ባስልዮስ ወጣቶች የአረማውያንን ድርሰት እንዴት ያንብቡ ሲባል ንብን ነው ምሳሌ ያደረገላቸው፣ ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፣ ያረፈችበትንም ጠቅላላ ተሸክማ አትሄድም፣ የሚያስፈልጋትን ወስዳ ሌላውን ትተወዋለች። አባቶች እርስ በርስ የተጣሉ እንዳይመስልሽ፣ አፈወርቅ ለሚሰክረው ነው የሚናገረው፣ ባስልዮስ ለሚማረው። ጓደኛሽ ፊልም ስታይ የምትሰክር ከሆነች መተዋ ጥበብ ነው። ሮሜ 14፥3 የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ ይላል፣ ለሁለታችሁም ነው የተጻፈው።

"መንፈሳዊ ፊልም ብቻ" የሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ስያሜው መንፈሳዊ ስለሆነ ብቻ ዓይናችንን ጨፍነን እንውጠዋለን። በሰሙነ ሕማማት ብዙ ቤት የሚከፈተውን የሜል ጊብሰንን የክርስቶስ ሕማማት ፊልም ውሰጂ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን። አይተውት ያለቀሱ አሉ፣ እንባቸውን አልንቅም። ግን ከልጆች ጋር ስለ ስቅለት ስንጫወት አንዱ ልጅ "ቁራው የፈያታዊ ዘጸጋምን ዓይን አወጣው" አለኝ፣ በጌታ ግራ የተሰቀለውን ወንበዴ ማለቱ ነው፣ ወንጌሉ ላይ አሳየኝ ስለው ገጹን ሲያገላብጥ ቆየ። የለም እኮ፣ ፊልሙ ላይ ነው ያለው! ልጁ አራቱን ወንጌል ሳይጨርስ ፊልሙን ሦስቴ አይቶታል። ስለዚህ እንደዚህ ዓይነቱን ስታዪ መጀመሪያ ምዕራፉን አንብቢ፣ ከዛ እዪ፣ ጌታን በተዋናይ መልክ ሳይሆን በሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆመሽ ለምኚው።

የጊዜውን ነገር በአጭሩ ልንገርሽ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12 ሁሉ ተፈቅዶልኛል ነገር ግን በእኔ ላይ ምንም አይሰለጥንብኝም ይላል። ተከታታዩ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ራሱ ቀጣዩን ከፍቶ ሌሊት ስምንት ሰዓት አድርሶሽ የእሑድ ኪዳን ካመለጠሽ የፊልሙ ጥሩነት አይጠቅምሽም። ቀድመሽ ምረጪ፣ ምን እንደሆነ ካየ ከምታምኚው ሰው ጠይቂ፣ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ትርጉም ፊልም ሁሉ አይወረድም። ከአቅምሽ በላይ የሚስብሽ ነገር ካለ ደሞ ለእኔ ሳይሆን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ እሳቸው ናቸው የሚያውቁሽ።

ዝርዝሩን አልሰጥሽም፣ ብሰጥሽ እንደገና የጾምና የፍስክ ታደርጊዋለሽ። አንድ ብቻ ልጥራልሽ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣውን "ድፍረት"ን። በእውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነው፣ በ14 ዓመቷ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ትገድልና ፍርድ ቤት ትቆማለች። ከባድ ነው፣ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፣ ጠለፋና መደፈር አለበት፣ በእኛ የድሮ መለኪያ ከሄድን "የማይሆን ፊልም" ነው። ግን ክፋቱን እንድትመኚው አይደለም የሚያሳይሽ፣ ባህል ነው ብለን ያለፍነውን ነገር በአንዲት ልጅ ፊት ላይ እንድናየው ነው። ፊልጵስዩስ 4፥8 ስናነብ "ንጹሕ" የሚለው ላይ እንቸኩላለን እንጂ የጳውሎስ የመጀመሪያው ቃል "እውነተኛ የሆነውን" ነው የሚለው። ጓደኛሽ ማየት ካልፈለገች አታስገድጃት። ለበዓል ቤተሰብ ጋር ስትሄጂ ግን ከእናትሽ ጋር ሆናችሁ እዩት፣ ሲያልቅ ቶሎ አትነሺ፣ በእሳቸው ዘመን በሰፈራቸው የተጠለፈች ልጅ ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ምን ሆነች በያቸው።