ቻይና እንግሊዝኛ ማስተማር፣ ከዛ ደግሞ መዞር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ቻይና ስለማስተማር የላካችሁልኝ ጥያቄ ተከምሮብኝ ስለነበር ዛሬ የቻልኩትን ያህል ላራግፍ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስድቦቹን ዘልያለሁ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወንድማችን በእንግሊዝኛ ዲግሪ አለው፣ የግል ትምህርት ቤትም ለዓመታት አስተምሯል። አንድ ደላላ «መጀመሪያ በቢዝነስ ቪዛ ግባ፣ እዛ ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀይርልሃል» ብሎ ብዙ ብር ጠይቆታል፣ አባቱ መሬት ሊሸጡለት ነው። ልሂድ ወይ ይላል።

አትሂድ። መሬቱም አይሸጥ። ቻይና ሥራ የለም እያልኩህ አይደለም፣ ደላላው የነገረህ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ነው የምልህ። ትክክለኛው እንዲህ ነው፤ ገና አገርህ እያለህ ትምህርት ቤቱ የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ደብዳቤ ያወጣልሃል፣ እሱን ይዘህ ኤምባሲ ሄደህ ዜድ የሚባለውን የሥራ ቪዛ ትጠይቃለህ፣ ከገባህ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቅልሃል። ስለዚህ ደላላውን «ደብዳቤው የታለ?» በለው፣ ወሬ ካበዛብህ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ እኔን የሚያናድደኝን ልንገርህ። እኛ አገር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው፣ አንተ ሰዋስው ብትጠየቅ ከቶሮንቶ የመጣውን ልጅ ታስከነዳዋለህ፣ ግን የቻይና ሕግ የቋንቋ መምህር በመሠረቱ የአፍ መፍቻውን ቋንቋ ያስተምር ነው የሚለው፣ በዛ ላይ ዲግሪና የሁለት ዓመት ልምድ ወይ የማስተማር ሰርተፊኬት ይጠየቃል። በተግባር የሚቆጠርልህ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድ ወይ ደቡብ አፍሪካ ከሆንክ ነው። እኔ ራሴ ያስተማርኩት በካናዳ ፓስፖርት ነው፣ እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ግን ደሴ ነው፣ ማንም የጠየቀኝ የለም! ደላላው ይሄን አሳምሮ ያውቃል፣ የሥራ ቪዛው እንደማይሳካ ስለሚያውቅ ነው በቢዝነሱ የሚልክህ።

በቢዝነስ፣ በቱሪስት ወይ በተማሪ ቪዛ ገብቶ ማስተማር ሕገወጥ ሥራ ነው። ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ነው፣ ከበድ ካለ ከ5 እስከ 15 ቀን እስር ይጨመርበታል፣ ከዛ ሻንጣህን ይዘህ መውጣት ነው። ቀጣሪውም ይቀጣል፣ ግን እሱ አገሩ ነው፣ በሳምንቱ ሌላ ሰው ያመጣል። እንዲህ የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ። ፍተሻ አለ ሲባል ጠዋት ከማናጀሩ «ዛሬ እንዳትመጣ» የሚል መልእክት ይገባል፣ ወይ ደግሞ ክፍል መሀል እያለህ በጓሮ በር አስወጥተው ሻይ ቤት ያስቀምጡሃል፣ ጃኬትህ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ቦርዱ ላይ ደግሞ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ቀርቶ። ደሞዝህን ሲቆርጡብህ ለማን ትከሳለህ? ስትከስ መጀመሪያ የምታጋልጠው ራስህን ነው። አንዳንዱ ቀጣሪ ይሄን አውቆ ነው የሚቆርጠው።

ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2021 መንግሥት የማጠናከሪያ ትምህርት ቤቶችን ቀፍድዶ ያዘ፣ ቅዳሜና እሁድ የመደበኛ ትምህርት ማስጠናት ቀረ፣ ውጭ አገር የተቀመጠ መምህር ቀጥሮ ቻይና ያሉ ልጆችን ኦንላይን ማስተማርም ተከለከለ («ኦንላይን ልጀምር ወይ» ያላችሁኝ ሁሉ መልሳችሁን በዚሁ ውሰዱ)።

ቻይና መሄዱ ራሱ ከሆነ የሚያጓጓህ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ አለልህ፣ ማስተርስህን ሥራ። ተማሪ ሆነህ ጎን ለጎን መሥራት የሚቻለው ግን ዩኒቨርሲቲው ፈቅዶ፣ ፖሊስም የመኖሪያ ፈቃድህ ላይ ሲመዘግብልህ ብቻ ነው። ሌላ ወረቀት ከመጣልህም ሳትፈርም አዲስ አበባ ያለው የቻይና ኤምባሲ ቪዛ ክፍል ሄደህ አሳይ፣ ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣራ፣ ኮንትራቱን ደግሞ የሕግ ባለሙያ ያንብብልህ። ለወጉ ያህል እያልኩህ አይደለም፣ ኮንትራቱ በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ጭቅጭቅ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የቻይንኛው ነው፣ እሱን ደግሞ እኔም አንተም አናነበውም። አባትህን ሰላም በልልኝ።

ቻይንኛ ሳልችል ማስተማር እችላለሁ?

ትችላለህ፣ እንደውም ክፍል ውስጥ ቻይንኛ ባትናገር ይወዳሉ።

አንዲት እናት ልጃቸው ለማስተማር ሄዳ ቴሌግራምም ፌስቡክም አትመልስም፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ ይላሉ።

እማዬ፣ አይጨነቁ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ጉግል እዛ ዝግ ነው፣ ልጅቷ ጠፍታ አይደለም። ሰፈር ያለ ልጅ ዊቻት የሚባለውን የቻይናዎቹን መልእክት መላኪያ አፕ ስልክዎ ላይ ይጫንልዎት፣ አካውንት ሲከፈት ሌላ ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥ ሊጠይቅ ስለሚችል ቻይና ደርሶ የመጣ ሰው ይፈልጉ። ሰዓቱንም አይርሱ፣ እኛ ማታ ሁለት ሰዓት ስንል እዛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ተኝታ ይሆናል።

ሚኒሶታ ያለች እህታችን የአሜሪካ ፓስፖርት አላት፣ ዲግሪ አላት፣ ሰርተፊኬት አላት። ስልክ ላይ ሁሉም ይወዷታል፣ ፎቶ ስትልክ ግን ዝም ይላሉ። ፎቶውን ልቀይር ወይ ትላለች።

ፎቶሽ ምንም አልሆነም። ብሮሹር ላይ ነጭ ፊት የሚፈልግ ትምህርት ቤት አለ፣ «ወላጆች ናቸው የሚፈልጉት» ይልሻል፣ አንዳንዱም ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጽፈዋል፣ ሳያፍር። እንዲያውም ፎቶሽን መጀመሪያ ላኪ፣ የማይረባው በጊዜ ይውጣልሽ፣ ሁለት ሰዓት ኢንተርቪው ከማውራት ይሻላል። የግል ማዕከላቱን ትተሽ ዩኒቨርሲቲዎችንና የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሞክሪ። ዩኒቨርሲቲ ደሞዙ አነስ ይላል ግን የክፍል ሰዓቱ ጥቂት ነው፣ የክረምትና የበጋ ዕረፍቱም ረጅም ነው፣ መዞር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ተማሪዎቹ የመጀመሪያው ሳምንት ፀጉርሽን ሊነኩ ይፈልጋሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት የቤት ሥራ ታበዣለሽ ብለው ያሙሻል፣ ያኔ መምህር ሆንሽ። ቻይና ከኅዳር 2023 ጀምሮ አፖስቲል (ሰነድ ሌላ አገር እንዲታወቅ አገርሽ ላይ የሚሰጥ ማረጋገጫ) ስለምትቀበል የዲግሪሽና የወንጀል ነጻ ማስረጃሽ ጣጣም ቀንሷል፣ ኤምባሲ መመላለስ ቀርቶልሻል።

ኮንትራቴ በሰኔ ያልቃል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ግን ገና ሁለት ወር ይቀራል፣ በሱ ልዙር?

የታተመውን ቀን አትመን። ፈቃዱ የተሰጠህ ለሥራው ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ሪፖርት ያደርጋል። ከመውጣትህ በፊት የመልቀቂያ ደብዳቤና የሥራ ፈቃዱ የተሰረዘበትን ወረቀት ተቀበል፣ ከዛ ፖሊስ ጋ ኢሚግሬሽን ክፍል ሄደህ የቆይታ ቪዛ ጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ይሰጡሃል። ዝም ብለህ ብትቀመጥ በቀን 500 ዩዋን ነው፣ እስከ 10,000 ይደርሳል፣ ባስ ካለም እስር አለው። የመጨረሻ ደሞዝህንና የአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብህን ሳትቀበል ከከተማው እግርህን እንዳታነሳ፣ ከሄድክ በኋላ ስልክ የሚያነሳልህ አታገኝም። ዩዋኑን ወደ ዶላር ለመላክ ባንኩ የግብር ወረቀት ይጠይቃል፣ ይሄንንም ቀድመህ ጨርስ። ሆቴል ሳይሆን ጓደኛ ቤት ካደርክ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለብህ። የሚጠራጠር ሰው እዛው ኢሚግሬሽኑን ይጠይቅ።

በ30 ቀን የት የት ልሂድ?

ሁሉንም ልይ ካልክ የምታየው ባቡር ጣቢያ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ሺያን እጀምራለሁ፣ ገበሬዎች በፈረንጆቹ 1974 ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙት ከሸክላ የተሠራው የወታደሮች ሠራዊት እዛ ነው፣ ከዛ ቼንግዱ፣ ከዛ ኩንሚንግ። ኩንሚንግ ስትወርድ አየሩ የአዲስ አበባ ነው፣ ደጋ ነው፣ ጠዋት ሹራብ ቀን ፀሐይ፣ ከናፍቆት ጋር ትታገላለህ። ከከተማው ወደ ደቡብ ፑኧር አካባቢ ቡና ይበቅላል፣ ከኛ ጋር አላወዳድርም፣ ጨዋ ሰው ነኝ። በታኅሣሥ 2021 የተከፈተው ባቡር ከኩንሚንግ ተነስቶ ላኦስ ዋና ከተማ ቪየንቲያን ድረስ ስለሚወስድህ በዛው ከአገር መውጣት ትችላለህ፣ የላኦስን ቪዛ አጣርተህ። ጊዜ ከተረፈህ ያንግሹዎ ሂድ፣ 20 ዩዋን ብር ጀርባ ላይ ያለው ተራራና ወንዝ እዛው አጠገብ ነው፣ ሁሉም ሰው ብሩን ከፍ አድርጎ ፎቶ ሲነሳ ታየዋለህ፣ አንተም ትነሳለህ።

ቲኬት 12306 በሚባለው የባቡር አፕ ከ15 ቀን በፊት ጀምሮ ይሸጣል፣ ፓስፖርትህ ራሱ ቲኬትህ ነው። ፈጣኑ ባቡር ቤይጂንግ ሻንጋይን፣ 1,318 ኪሎ ሜትሩን፣ በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርስሃል ግን ሰው አያወራህም። አንድ ሌሊት እንኳን አሮጌውን አረንጓዴ ባቡር ያዝ፣ ባለ ስድስት አልጋውን። ሰዉ ሁሉ የካርቶን ኑድሉን ይዞ ለፈላ ውሃ ይሰለፋል፣ ኮሪደሩ በሙሉ የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ነው፣ ታች ያሉት ሴትዮ መንደሪን ሳያቀብሉህ አያድሩም። ከጥቅምት 1 እስከ 7 በፈረንጆቹ፣ እንዲሁም በቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን ግን ከቤትህ አትውጣ፣ ሕዝቡ በሙሉ መንገድ ላይ ነው።

በዐቢይ ጾም ነው የምዞረው፣ ምን እበላለሁ? ጨጓራም አለብኝ።

«ዎ ቸ ሱ» በይ፣ አትክልት ብቻ ነው የምበላው ማለት ነው። ግን ጎመኑን በአሳማ ስብ ጠብሰው፣ ቶፉውን (ከአኩሪ አተር የሚሠራውን አይብ መሳይ) የተፈጨ ሥጋ ነስንሰው «ይሄ አትክልት ነው» ሊሉሽ ይችላሉ፣ እያየሽ ጠይቂ። ሰላም የምታገኚው የቡድሃ ገዳማት አጠገብ ያሉት የጾም ምግብ ቤቶች ጋ ነው። ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ሐላል የሆነው የላንጆ ኑድል ቤት በየከተማው አለላችሁ። ስለ ጨጓራው ሐኪም ጠይቂ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ደም ግፊት አለብኝ ግን ያዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ የቲቤቷ ላሳ ከፍታ አይከብደኝም አይደል?

ማን አለህ? አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፣ ላሳ 3,650 ነው፣ ወደዛ የሚወስደው ባቡር ደግሞ ታንጉላ የሚባለው ተራራ ላይ 5,072 ሜትር ይወጣል። ሐኪምህ ሳያይህ ቲኬት እንዳትቆርጥ፣ ይሄ የምር ነው። ለማንኛውም የውጭ ዜጋ ቲቤት ብቻውን አይገባም፣ በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ልዩ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

እናቴ ቋንጣና ቅቤ ልትቋጥርልኝ ነው፣ ይገባል?

አይገባም፣ ሥጋና የወተት ውጤት ጉምሩኩ ይወስድብሃል። ሽሮ ትቋጥርልህ፣ እሱንም ጉምሩክ ላይ አስመዝግበህ ግባ።