አዲሱ ቤት አሮጌውን አይደገፍ

ጥያቄ፦ የወላጆቻችን ቤት አቃቂ ነው። ጭቃ ቤት ነው፤ ሦስት ክፍል አለው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። እናታችን ቤቱ እንዲፈርስ አትፈልግም፤ እኛም አንፈልግም። ከጀርባው 4 በ6 ሜትር የሆነ ሳሎንና ማድ ቤት በብሎኬት ልንቀጥልላት ነው። ግንበኛው ግን «በአንዱ በኩል የአሮጌው ግድግዳ አለ፤ ሦስት ግድግዳ ይበቃችኋል፣ ብሎኬቱን ከቋሚው ጋር በሚስማር አስረዋለሁ» አለን። ወጪ ይቀንስልናል፤ ያዋጣል ትላላችሁ?

መልስ፦ አያዋጣም። አራተኛውን ግድግዳ አያስቀሩ።

አቃቂ በብዛት ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በየካቲት ጓሮው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሳያዩ አይቀሩም። ጭቃ ቤት ቀላል ነው፣ ይለመጣል፤ ቢሰነጠቅም ተመርጎ ያልፋል። ብሎኬትና አርማታ ግን ከባድና ግትር ናቸው። ሁለቱን በሚስማር ካሰሯቸው፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲቀመጥ መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች ይተረተራል። በዚያ የገባው ውሃ የባሕር ዛፉን ቋሚ ከእግሩ ያበሰብሰዋል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ቀላሉና ከባዱ ቤት አንድ ዓይነት አይወዛወዙም፣ ከተያያዙ እርስ በርስ ይጎዳዳሉ።

ጓሮው ከበቃ እኛ የምንመክረው አዲሱን ቤት ከአሮጌው 1.20 ሜትር ያህል አርቆ ለብቻው ማቆምና ሁለቱን በአጭር መተላለፊያ ማገናኘት ነው። የመተላለፊያው ክዳን ከአሮጌው ቤት ክፈፍ በታች 20 ሳንቲ ሜትር ይግባ፤ ውኃው ግን ወደ ጎን እንዲወርድ ተደርጎ ይዘንብል እንጂ ወደ የትኛውም ግድግዳ አይፍሰስ። የሁለት ቤት ቆርቆሮ መሀል ላይ ተገናኝቶ በአንድ አሸንዳ የሚፈስበትን አሠራር ይተዉት። ቅጠል አንድ ቀን ሲደፍነው የሐምሌ ዝናብ ሁሉ ቤት ውስጥ ይገባል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን መሬት ሊሾ አድርገው ወደ ውጭ ያዘንብሉት፤ የማድ ቤቱንም ፍሳሽ ወደዚያ አይልቀቁ።

መሠረቱ በበጋ፣ ከኅዳር በኋላ ይቆፈር። የኮለኑ (የአርማታው ምሰሶ) ጉድጓድ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ አፈር ወይም አለት እስኪያገኝ ይውረድ፤ 1.50 ሜትር ላይ ካልተገኘ ይቀጥሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት መልሰው ሲሞሉ ነው። የወጣው ጥቁር አፈር ተመልሶ ወለሉ ሥር ከገባ ሊሾው በሁለተኛው ክረምት ይነሣል። በሰሌክት አፈር (ውሃ ሲጠጣ በማያብጥ የተመረጠ አፈር)፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ ይሙሉት። ለኮለንና ለቢም (ለአግድም ተሸካሚው) አርማታ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ2 ሳጥን አሸዋና ከ3 ሳጥን ጠጠር ጋር ይቀላቀላል (ሳጥኑ 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር)፤ ውሃው ከ25 ሊትር ብዙ አይለፍ። ሠራተኛ እንዲቀለው ውሃ ሲጨምር ዝም አይበሉ፣ አርማታውን የሚያደክመው እሱ ነው። ከተሞላ በኋላ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። የፌሮውን ውፍረትና ብዛት መሐንዲስ ይወስን።

ቦታው ጠቦ የግድ መጠጋት ካለባቸው 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ግንበኛው ሲገነባ የሚረግፈው ሞርታር ክፍተቱን ይደፍነዋልና ጣውላ አስገብቶ፣ ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ላይ እየሳበ ይሥራ። ኮለኖቹንም ከአሮጌው ግድግዳ ሥር አይቆፍሩ፤ የጭቃ ቤት ቋሚ ብዙም ጠልቆ ስለማይተከል መሬቱ ይከዳዋል። ወደ አዲሱ ቤት 1 ሜትር ገባ ብለው ይተከሉና ግሬድ ቢሙ (መሬቱ ላይ ያለው ቢም) ከኮለኖቹ አልፎ ተንጠልጥሎ አዲሱን ግድግዳ ይሸከም። ይህ ያለ መሐንዲስ አይሞከርም።

ለበሩ አዲስ ቀዳዳ አይክፈቱ። የጀርባውን መስኮት ከደፉ በታች ብቻ ቆርጠው በር ያድርጉት፤ ጣራውን የተሸከሙት ቋሚዎች አይነኩም። የግንባታ ፈቃዱ ግን ከቁፋሮው በፊት ይውጣ።

ጥያቄ፦ የጭቃ ግድግዳችንን በሲሚንቶ አስለሰንነው። ከክረምቱ በኋላ በትልልቁ እየተላጠ ወደቀ። ሲሚንቶው ስላነሰ ነው?

መልስ፦ ሲሚንቶ ቢጨምሩበት ይብሳል። ጭቃው የያዘውን እርጥበት በልስኑ በኩል ማስወጣት ሲያቅተው ከጀርባው ይለሰልስና ልስኑን ይለቀዋል። የቀረውን አንኳኩተው ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ ያንሡ። ከጤፍ ጭድ ጋር ቢያንስ አንድ ሳምንት የቦካ ጭቃ፣ በአንድ ጊዜ ከ2 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ይምረጉ፤ በደንብ ሲደርቅ ኖራ ይቀቡት። ከቀለም ግን የፕላስቲኩን አይጠቀሙ፤ እሱም እንደ ሲሚንቶው ያፍነዋል።