አጥንት ላይ የታየ ነጠብጣብ ሁሉ ካንሰር አይደለም

በዚህ ሳምንት የመለስኳቸው ጥያቄዎች ቡሽኬ ኦለንዶርፍ ሲንድረም ስለሚባል ሕመም ናቸው። በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ቆዳንና አጥንትን ይነካል። ከ20 ሺህ ሰው አንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል።

ጉልበቴን አሞኝ ራጅ ስነሳ አጥንቴ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ታየ። ካንሰር ሊሆን ይችላል ተባልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጀርባዬ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። ይገናኛሉ?

ሊገናኙ ይችላሉ። ስለ ጀርባዎ ማንሳትዎ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ሕመም የሚታየው የአጥንት ነጠብጣብ ኦስቲዮፖይኪሎሲስ ይባላል። ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ መገጣጠሚያ አካባቢ ይሰባሰባል፤ እጅ፣ እግር፣ ዳሌና ጉልበት ላይ። ብዙ ጊዜ የግራውና የቀኙ ይመሳሰላል። ቆዳው ላይ ደግሞ ጠጠር ያሉ፣ የቆዳ ቀለም ያላቸው ወይም ቢጫ የሚመስሉ እብጠቶች ይወጣሉ። አያምም፣ አያሳክክም። ስለዚህ ሰው ረስቶት ይኖራል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የአጥንት ሐኪሙ አጥንቱን ያያል፣ የቆዳ ሐኪሙ ቆዳውን ያያል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ይጠፋል። እባክዎ ለአጥንት ሐኪሙ ጀርባዎን ገልጠው ያሳዩ። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ሊመረመር ይችላል። ከራጅ የተለየ ምርመራ የሆነውን የአጥንት ስካንም ይጠይቁ። ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር ስካኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ደምቆ ይወጣል፤ እነዚህ ነጠብጣቦች ግን ብዙ ጊዜ አይታዩም። ካንሰር አይደለም የሚለውን ግን እኔ ሳልሆን መርምሮ ያረጋገጠ ሐኪም ነው የሚነግርዎ።

አጥንቴ በቀላሉ ይሰበራል? ስፖርት ልተው?

አይተዉ። ነጠብጣቡ አጥንት አያሳሳም። አንዳንድ ሰው መገጣጠሚያው አካባቢ ሕመም ይሰማዋል፤ አብዛኛው ግን ምንም አይሰማውም።

እኔ ካለብኝ ልጄም ይይዘዋል?

በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ እኩል ነው። ምክንያቱ ኤልኢኤምዲ3 የተባለው ጂን ላይ የሚፈጠር ለውጥ ነው። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን አጥንትንና የቆዳን ሥር የሚገነቡ ሕዋሳት የሚደርሳቸውን የእድገት መልእክት ይገታል። ፕሮቲኑ ሲጎድል መልእክቱ ይበረታል፤ አጥንቱ እዚህም እዚያም ይጠጥራል፣ የቆዳው ክር ይወፍራል።

የሚያስገርመው የአንድ ቤት ሰዎች አለመመሳሰላቸው ነው። አባት አጥንቱ ላይ ብቻ፣ ልጅ ቆዳዋ ላይ ብቻ ሊኖርባቸው ይችላል። ስለዚህ «በቤታችን ይህ ነገር የለም» ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር ይከብዳል።

እብጠቶቹን ላስወጣቸው?

ለጤና ብለው ከሆነ አያስፈልግም። ቀዶ ጥገናው የሚተወው ጠባሳ ከእብጠቱ በላይ ሊታይ ይችላል።

ስሙ ከየት መጣ?

አብርሃም ቡሽኬና ሄለነ ኦለንዶርፍ የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች በ1928 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ስለ አንዲት ታካሚ ጽፈው ነበር። ሁለቱም አይሁዳውያን ነበሩ። ኦለንዶርፍ አሜሪካ ሄዳ ሙያዋን ቀጠለች። ቡሽኬ ግን በ1943 እ.ኤ.አ. በናዚዎች የቴሬዝየንሽታት ካምፕ ሞተ። ስሙ በተጠራ ቁጥር ይህ ቢታወስ ደስ ይለኛል።

የ4 ዓመት ልጄ ጭኗ ላይ እብጠት አለ። ራጁ ግን ንጹሕ ነው። ተገላገልን ማለት ነው?

ገና አልታወቀም። የአጥንቱ ነጠብጣብ በልጅነት ላይታይ ይችላል፤ ዕድሜ ሲጨምር ይወጣል። ልጅቷን ደጋግሞ ራጅ ከማስነሳት እናንተ ወላጆች ብትነሡ ይሻላል፤ የእጅ፣ የዳሌና የጉልበት። ከሁለት አንዳችሁ ላይ ነጠብጣቡ ከተገኘ መልሱ ወደዚህ ሕመም ያጋድላል። ካልተገኘም የጂን ምርመራ አለ። ሕመሙ ከተረጋገጠ ራጁንና የሐኪሙን ወረቀት አስቀምጡላት። አድጋ በሌላ ምክንያት ራጅ ስትነሣ ለማያውቃት ሐኪም ቀድማ ታሳየዋለች።